ሳይጠየቅ የሚያርም ኮምፒውተርና የባለጉዳዩ ቁጥር

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ካለችበት የተራራ ሰንሰለት ላይ ዛሬ የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ ቆሟል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ የመሬት ምልከታ ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ-1፣ ለግብርና፣ ለደንና ለአካባቢ ክትትል የሚውል መረጃ ስትልክ የቆየችው ወደዚሁ ተራራ ነበር። ነገር ግን የአንድ አርሶ አደር የማዳበሪያ ድርሻ፣ የብድር ውል ወይም የመሬት ይዞታ ጉዳይ የሚወሰነው ከሰማይ በመጣ ምስል ብቻ አይደለም። በአንድ ቢሮ ውስጥ፣ በአንድ ጸሐፊ እጅ፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ በተመዘገበ ስም፣ ቁጥርና ቀን ነው። ያ ቁጥር ከተዛባ ባለጉዳዩ እንደሌለ ሰው ይቆጠራል።

ቁጥሩን የሚያዛባው ሁልጊዜ የጸሐፊው ስንፍና ወይም ቸልተኝነት አይደለም። ዛሬ በየቢሮው፣ በየማኅበሩና ከሽሮ ሜዳ እስከ ስድስት ኪሎ ባሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች «ሥራ ያቀላጥፋሉ» የተባሉ ባሕርያት አብረዋቸው ተሠርተው ይመጣሉ። ጸሐፊው የጻፈውን ሳይጠየቁ ያርማሉ፣ ቁጥሩን ወደ ቀን ይለውጣሉ፣ ሰነዱን ወደ ሩቅ ማከማቻ ይልካሉ፣ ያልተጀመረውን ዐረፍተ ነገር እንጨርስ ይላሉ። የተሠሩት ግን ለሌላ አገር የቀን አቆጣጠር፣ ለሌላ የስልክ ቁጥር ሥርዓትና የማይቋረጥ ኢንተርኔት ላለው ቢሮ ነው። ስለዚህ የትኛውን ማጥፋት፣ የትኛውን መተው እንደሚገባ ማወቅ የቴክኒክ ባለሙያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመዝገብ አያያዝ ጉዳይ ሆኗል።

የፋይዳ ቁጥርና የጠፋው አሃዝ

በኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው ፋይዳ በካርዱ ላይ 16 አሃዝ ያለው ቁጥር ይዟል። ይህ ቁጥር በባንክና በልዩ ልዩ የመንግሥት አገልግሎቶች ዘንድ እየተጠየቀ በመሆኑ ማኅበራት፣ የብድር ተቋማትና ጽሕፈት ቤቶች የአባሎቻቸውን ዝርዝር በሠንጠረዥ ሲያዘጋጁ አንዱ ዓምድ አድርገው ይይዙታል። ለዚህም በብዛት የሚጠቀሙት ማይክሮሶፍት ኤክሴልን ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኤክሴል በአንድ ሕዋስ ውስጥ አሃዝ ብቻ ሲያይ ሊደመርና ሊባዛ የሚችል ብዛት እንደሆነ ይገምታል፤ የማንነት መለያ መሆኑን አያውቅም። በብዛትነት ሲይዘው ደግሞ በትክክል የሚያስታውሰው የመጀመሪያዎቹን 15 አሃዞች ብቻ ነው። 16ኛው ወደ ዜሮ ይለወጣል። የአንድ ሰው ቁጥር በ7 ቢጨርስ በ0 እንደጨረሰ ሆኖ ይቀመጣል፤ በመጨረሻው አሃዝ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ቁጥሮች ቢኖሩ አንድ ይሆናሉ። ኮምፒውተሩ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ስሕተቱ ከታወቀ በኋላ የሕዋሱን ዓይነት መቀየርም የጠፋውን አሃዝ አይመልስም፤ ያለው መፍትሔ ከካርዱ እንደገና መገልበጥ ብቻ ነው። ካርዱ ያለው ደግሞ በባለጉዳዩ ኪስ ነው። ባለጉዳዩ የገጠር ነዋሪ ከሆነ ያ አንድ አሃዝ የአንድ ቀን መንገድና የአንድ ቀን ሥራ ያስከፍላል።

የስልክ ቁጥርም ከዚህ አያመልጥም። በ09 ወይም በ07 የሚጀምረው ቁጥር ሲጻፍ ኤክሴል የፊተኛውን ዜሮ ዋጋ እንደሌለው ቆጥሮ ይጥለዋል። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ደግሞ ረዘም ሲል ሁለት ቁጥርና አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል የያዘ የሳይንስ አጻጻፍ ሆኖ ይታያል። ይህ መጀመሪያ ላይ የመልክ ለውጥ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ውስጡ አለ። ነገር ግን ሠንጠረዡ በዚያ መልኩ እንዳለ ወደ ሌላ ሥርዓት ለመላክ በነጠላ ሰረዝ የተለያየ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ከተቀመጠ የሚሄደው የሚታየው አጻጻፍ ስለሆነ እውነተኛው ቁጥር በዚያ ይቀራል። የቤት ቁጥርም «10/12» ተብሎ ሲጻፍ የጥቅምት ወይም የታኅሣሥ ቀን ሆኖ ያድራል።

ጳጉሜን የማያውቅ ማሽን

ከቁጥሩ ይልቅ ተሰውሮ የሚጎዳው ቀን ነው። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር አሥራ ሦስት ወራት፣ እያንዳንዳቸው ሠላሳ ቀን ያላቸው አሥራ ሁለት ወራትና አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን አሉት። ኤክሴል ግን በሕዋስ ውስጥ የገባን ቀን የሚተረጉመው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። ጸሐፊው ቀንን፣ ወርንና ዓመትን በመሥመር ለይቶ ሲጽፍ ማሽኑ የአውሮፓ ቀን ነው ብሎ ይቀበለዋል።

ለምሳሌ ያህል የአንድ ብድር ውል የተፈረመው ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው ቢባልና «5/13/2017» ተብሎ ቢገባ፣ ወርን ከቀን በሚያስቀድመው የአሜሪካ አጻጻፍ የተዘጋጀ ኮምፒውተር ሜይ 13 ቀን 2017 አድርጎ ይመዘግበዋል። ይህ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ውሉ በአንድ ጊዜ ከስምንት ዓመት በላይ ያረጃል። በዚያ ሠንጠረዥ ላይ የመክፈያ ጊዜን ወይም ቅጣትን የሚያሰላ ቀመር ካለ ስሌቱ በሙሉ የተሳሳተ መሠረት ላይ ይቆማል።

የከፋው ደግሞ ማሽኑ አንዱን ቀን ሲቀበል ሌላውን አለመቀበሉ ነው። የካቲት 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለትም «30/6/2018» በአሜሪካ አጻጻፍ ሠላሳኛ ወር የሚባል ነገር ስለሌለ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ ታኅሣሥ 3 ማለትም «3/4/2018» ግን ማርች 4 ይሆናል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል። ዝርዝሩ በቀን ቅደም ተከተል ይደርደር ሲባል መጀመሪያ የመጣው ባለጉዳይ መጨረሻ ላይ ይገኛል። ወረፋ በመዝገብ ቅደም ተከተል በሚሰጥበት ቢሮ ይህ የፍትሕ ጥያቄ ነው።

በዚህ የተቸገሩት ኢትዮጵያውያን ብቻ አይደሉም። የሰውን ዘረመል የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ለዘረመሎቹ የሰጧቸው አህጽሮተ ስሞች ከማርችና ከሴፕቴምበር ስም ጋር ስለሚመሳሰሉ ኤክሴል ወደ ቀን ሲለውጥባቸው ብዙ ዓመታት ቆይተዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ስያሜ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የዘረመሎቹን ስም እስከ መቀየር ደረሰ። ማይክሮሶፍት ይህን መሰል ለውጥ ማጥፊያ ምርጫ በይፋ ያቀረበው ከዚያ በኋላ በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። ሳይንቲስት የዘረመልን ስም ሊቀይር ይችላል፤ አርሶ አደር ግን የተወለደበትን ቀንም ሆነ የመታወቂያ ቁጥሩን ለማሽን ሲል አይቀይርም።

የሚጠፋው እንዴት ነው?

በአዲሶቹ የኤክሴል ሥሪቶች «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኦፕሽንስ»፣ ቀጥሎ «ዳታ» የሚለው ሲከፈት «አውቶማቲክ ዳታ ኮንቨርዥን» የሚል ክፍል ይገኛል። በዚያ ውስጥ የፊተኛ ዜሮን መጣል፣ ከ15 አሃዝ በላይ ያለውን ቁጥር ማሳጠር፣ በመካከሉ የእንግሊዝኛ ኢ ፊደል ያለበትን መለያ ወደ ሳይንስ አጻጻፍ መለወጥ እንዲሁም ተያይዘው የተጻፉ ፊደልና ቁጥርን ወደ ቀን መለወጥ እያንዳንዳቸው ምልክታቸው ተነሥቶ ሊጠፉ ይችላሉ።

ሁለት ነገሮች ግን መታወቅ አለባቸው። አንደኛ፣ ይህ ምርጫ እንደ ኤክሴል 2016 እና 2019 ባሉት በብዙ ቢሮዎች ባሉ ሥሪቶች ላይ የለም። ሁለተኛ፣ ምርጫው ቢጠፋም በመሥመር ተለይቶ የተጻፈ ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊ መለወጡን አይተውም። ስለዚህ በአሮጌውም በአዲሱም የሚያገለግለው መንገድ አንድ ነው፤ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት የመታወቂያ፣ የስልክ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የቤት ቁጥርና የኢትዮጵያ ቀን የሚገቡባቸውን ዓምዶች መርጦ «ፎርማት ሴልስ» ከሚለው ውስጥ «ቴክስት» የሚለውን መያዝ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ከተጻፈ በኋላ ቢደረግ የጠፋውን አይመልስም። ቀኑም ዓመቱ ቀድሞ፣ ወሩና ቀኑ ሁልጊዜ በሁለት አሃዝ፣ ለምሳሌ «2017-13-05» ተብሎ ቢጻፍ በጽሑፍነቱም ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ይደረደራል።

በማይክሮሶፍት ወርድም ተመሳሳይ ነገር አለ። በውል ላይ ቁጥር ሲጻፍ ፕሮግራሙ በራሱ ተራ ቁጥር መስጠት ይጀምርና አንድ አንቀጽ ሲሰረዝ የተቀሩትን በሙሉ ያሸጋሽጋል። «በአንቀጽ 5 መሠረት» የሚለው ዐረፍተ ነገር ግን አብሮ አይሸጋሸግም፤ ውሉም ስለሌላ ጉዳይ የሚናገር አንቀጽ ይጠቅሳል። ይህም በ«ኦፕሽንስ» ውስጥ «ፕሩፊንግ»፣ ከዚያም «አውቶኮሬክት ኦፕሽንስ» ከሚለው ይጠፋል። ከድሮ ጀምሮ ጽሑፉን በባለጉዳዩ ፊት አንብቦ የሚያስረክበው ራፖር ጸሐፊ ልማድ ዛሬም ከማናቸውም የማረሚያ ፕሮግራም ይበልጣል።

ሰነዱ ወዴት ይሄዳል?

ሁለተኛው ያልተጠየቀ እገዛ ሰነድን ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ መላክ ነው። ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አድራሻ ሲከፈት «ዋንድራይቭ» የተባለው አገልግሎት ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስና ፒክቸርስ በሚባሉት ማኅደሮች ያለውን ሁሉ ወደ ኩባንያው ማከማቻ እንዲገለብጥ ሊደረግ ይችላል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ኩባንያው በወርድ የሚፈጠር አዲስ ሰነድ ገና ከመነሻው በኢንተርኔት ማከማቻው እንዲቀመጥ የሚያደርግ ለውጥ መሞከር ጀምሯል።

ይህ በኢትዮጵያ ሦስት ጥያቄዎችን ያስነሣል። የመጀመሪያው የገንዘብ ነው፤ ነጻው ማከማቻ 5 ጊጋባይት ብቻ ሲሆን በሞባይል ጥቅል ኢንተርኔት የሚጠቀም የጽሕፈት ቤት ባለቤት ያልላከው ፎቶና ቅጂ ጥቅሉን ሲጨርስበት ምክንያቱን ላያውቅ ይችላል። ሁለተኛው የሕግ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዝ አካል መረጃውን በጥንቃቄና በትክክል እንዲይዝ ግዴታ ይጥላል፤ መረጃው ከአገር ውጭ የሚተላለፍበትንም ሁኔታ በቅድመ ሁኔታ ይገድባል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የባለጉዳዮችን የመታወቂያ ቅጂ በዴስክቶፑ ላይ ያስቀመጠ ሠራተኛ ሳያውቀው ወደ ሌላ አገር ማከማቻ ከላከው ኃላፊነቱ «ኮምፒውተሩ ነው» በማለት አይወርድም። ሦስተኛው የመተማመን ነው፤ ባለጉዳይ መታወቂያውን የሚሰጠው ለፊቱ ላለው ሰው እንጂ ለማያውቀው ማከማቻ አይደለም።

ለማጥፋት በዋንድራይቭ ምልክት ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ሲንክ ኤንድ ባካፕ»፣ «ማኔጅ ባካፕ» ተከትሎ ሦስቱንም ማኅደሮች ማቆም ይቻላል። ከዚያ በኋላ ዴስክቶፑ ባዶ ሆኖ ቢታይ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ሰነዶቹ በዋንድራይቭ ማኅደር ውስጥ ሊቀሩ ስለሚችሉ ከዚያ አውጥቶ ወደ ኮምፒውተሩ ማኅደር መመለስ ይገባል። ይህ ሳይረጋገጥ ከማከማቻው መሰረዝ ሰነዱን ለዘለቄታው ሊያጠፋ ይችላል። በጥቅል ኢንተርኔት ለሚሠሩም ግንኙነቱን በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ሜተርድ ኮኔክሽን» ማድረግ ዋንድራይቭ መላኩን እንዲያቆም ያደርገዋል።

አዲሱ ረዳትና የቆየው ጥያቄ

ሦስተኛው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው «ኮፓይለት» ነው። ማይክሮሶፍት በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ይህን ረዳት በግለሰቦች የወርድና የኤክሴል ምዝገባ ውስጥ አካትቶ የአሜሪካን ወርኃዊ ዋጋ ከ6.99 ወደ 9.99 ዶላር ከፍ አድርጓል። የአውስትራሊያ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ኩባንያውን ፍርድ ቤት ሲያቀርብ፣ 2.7 ሚሊዮን ለሚሆኑ ደንበኞች ረዳቱ የሌለበትና ዋጋው ያልጨመረ አማራጭ እንዳለ በግልጽ አልተነገራቸውም ብሎ ነው። ኩባንያውም ከዚያ በኋላ ይቅርታ ጠይቆ ገንዘብ ለመመለስ ተስማምቷል። ክርክሩ ረዳቱ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚል አልነበረም፤ የማይፈልገው ሰው እንዴት እምቢ እንደሚል ሊነገረው ይገባል የሚል ነበር።

ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው «ሪኮል» የተባለው ባሕርይም በየጥቂት ሰከንዱ የኮምፒውተሩን ገጽ ፎቶ እያነሣ የሚያስቀምጥ ነበር። ከደኅንነት ባለሙያዎች ብርቱ ተቃውሞ ሲነሣበት ዘግይቶ፣ ተጠቃሚው ወድዶ ካላበራው የማይሠራ ሆኖ በ2025 እ.ኤ.አ. ወጣ። የሚሠራውም ለዚሁ በተዘጋጁ አዳዲስና ውድ ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ በመሆኑ በአብዛኛው የአገራችን ቢሮ ገና አልደረሰም። ትምህርቱ ግን ደርሷል፤ ተጠቃሚዎች ጠንክረው ሲጠይቁ ነባሪው ምርጫ ይቀየራል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በወርድ ገጽ ጥግ ላይ ብቅ እያለ «ደብዳቤ እየጻፉ ነው?» ይል የነበረው የወረቀት ማያያዣ ሥዕልም ብዙዎችን ካሰለቸ በኋላ በ2001 እ.ኤ.አ. በራሱ እንዳይበራ፣ በ2007ቱ ሥሪት ደግሞ ጨርሶ እንዲቀር ተደርጓል።

ኮፓይለትን በወርድ ወይም በኤክሴል ለማጥፋት «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ኮፓይለት» ከተከፈተ በኋላ «ኢኔብል ኮፓይለት» ከሚለው ላይ ምልክቱን ማንሣት ይበቃል፤ በእያንዳንዱ ፕሮግራምና በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ግን ለየብቻ መደረግ አለበት። ራሱን የቻለው የኮፓይለት ፕሮግራም ደግሞ እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ከ«ሴቲንግስ» ውስጥ ሊራገፍ ይችላል።

መጥፋት የሌለባቸው

የሚያሰለች ሁሉ ጎጂ አይደለም። የደኅንነት ማሻሻያና የቫይረስ መከላከያ ሥራን ቢያዘገዩም መጥፋት የለባቸውም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃ በመሆኑ አሮጌ ኮምፒውተር የያዙ ቢሮዎች ይበልጥ ሊጠነቀቁ ይገባል። ወርድና ኤክሴል ያልተቀመጠን ሥራ በየ10 ደቂቃው በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚይዙበት «አውቶሪከቨር»ም መብራት በሚቋረጥበት አገር ባለውለታ ነው፤ ይልቁንም ደቂቃው ወደ ሁለት ወይም ሦስት ዝቅ ቢል ይመረጣል።

የኢንተርኔት ማከማቻም ቢሆን የራሱ ጥቅም አለው። ኮምፒውተር ሲሰረቅ ወይም ሲቃጠል ብዙ ድርጅት መዝገቡን ያገኘው በዚያ ነው። ዋንድራይቭን ያጠፋ ቢሮ በምትኩ በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ በተወሰነ ቀንና በተወሰነ ሰው ኃላፊነት ቅጂ የማስቀመጥ ሥርዓት ካላበጀ ከአንዱ አደጋ ወደ ሌላው መሸጋገሩ ነው።

የማን ሥራ ነው?

ይህ ሁሉ ለእያንዳንዱ ጸሐፊ ትከሻ ቢተው ውጤት አይኖረውም። ኮምፒውተር ለሠራተኛ ከመሰጠቱ በፊት የትኛው እንደሚጠፋና የትኛው እንደሚቀር የሚገልጽ አንድ ገጽ መመሪያ ማውጣት ለአንድ ወረዳ የቴክኖሎጂ ክፍል የአንድ ቀን ሥራ ነው። ዓምዶቹ አስቀድመው በ«ቴክስት» የተዘጋጁ ባዶ የመመዝገቢያ ሠንጠረዥ ለየቀበሌውና ለየማኅበሩ ማሠራጨትም ወጪ አይጠይቅም። ትልልቅ ማሻሻያዎች ነባሪ ምርጫዎችን ሊመልሱ ስለሚችሉ ከእያንዳንዱ ማሻሻያ በኋላ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ባለጉዳዩም ድርሻ አለው። በአዋጁ መሠረት የተመዘገበበትን መረጃ የማወቅና ስሕተት ሲኖር እንዲታረምለት የመጠየቅ መብት አለው። ከመዝጋቢው ፊት ሳይነሣ «የመታወቂያዬን የመጨረሻ አራት አሃዞች ያንብቡልኝ» ማለት ይችላል። ንባቡ ከካርዱ ጋር ካልተገጣጠመ፣ በተለይም መጨረሻው ዜሮ ሆኖ ከተገኘ፣ ስሕተቱ እዚያው ይታረማል። በዚያች ደቂቃ የሚታረም አሃዝ ከወራት በኋላ የማዳበሪያ ወረፋ ላይ «ስምዎ የለም» ከመባል ያድናል።